አረጋውያንን ከማስቀመጥ ቤቱን ማስተካከል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ አረጋዊ ቤት ውስጥ ሲወድቁ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ከሥራ ማገድ ነው። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ማድ ቤት አትግቢ፤ ቁጭ ብለሽ ተጦሪ» ይባላል። ምክሩ ከፍቅር እንደሚመነጭ አልጠራጠርም። ሆኖም በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ የማየው ውጤት የተገላቢጦሽ ነው፤ ለወራት የተቀመጡ ሰው የጭናቸው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታቸው ይቀንሳል፣ እወድቃለሁ የሚለው ፍርሃታቸው ይበረታል፤ በዚህም ምክንያት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲነሱ ደግመው የሚወድቁት ጥቂት አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684 ሺሕ ያህል ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ እንደሆኑ ይገምታል።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን በራሳቸው እንዲያከናውኑ የሚያግዘው የጤና ሙያ፣ ነገሩን የሚጀምረው ከሌላ ወገን ነው። ባለሙያው እኚህ ሰው ከእንቅልፍ ከተነሱ ጀምሮ ምን እንደሚሠሩ፣ የትኛውንስ መተው እንደማይፈልጉ ይጠይቃል፤ ከዚያም አሠራሩን፣ ዕቃውንና ክፍሉን ለአቅማቸው ያመቻቻል። ቡና ማፍላት የሚወዱ እናት ጉልበታቸውን ቢያማቸው ቡናውን መተው የለባቸውም። ዝቅተኛው በርጩማ ክንድ ማሳረፊያ ባለው ወንበር፣ መሬት ላይ ያለው ረከቦት ከወገብ በታች በሆነች ጠንካራ ጠረጴዛ ይተካል፤ ትልቁ ጀበና በትንሽ ይለወጣል፤ ውኃው ከባልዲ ሳይሆን በግማሽ ከተሞላ ጆግ ይቀዳል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ መታጠቢያ ቤቱ ነው። በብዙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የወለሉ ሴራሚክ ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ በጀሪካን ይሞላል፣ ደፉ ደግሞ ከፍ ያለ ነው፤ ላዩ ላይ መብራት ሲጠፋ ይታሰብ። አረጋውያን ሲነሱ የሚጨብጡት ፎጣ መስቀያውን ነው፤ እሱም ክብደት ለመሸከም አልተሠራም። የመደገፊያ ብረት እናስገባ የሚሉ ቤተሰቦችም ቢሆኑ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ግድግዳው ክፍት ብሎኬት ከሆነ በተራ ፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) የተያዘ ብሎን አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል። ከኮንክሪቱ ጋር ማሰር፣ አለዚያም በብየዳ የተሠራ እግር ያለው ብረት ወለሉ ላይ መትከል ይሻላል። ሽንት የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የሌሊቱን ምልልስ ለመቀነስ የሚወስዱበትን ሰዓት ሐኪማቸውን ቢያማክሩ ይበጃል።

ይህን ሁሉ ቤተሰብ በራሱ ግምት እንዲያደርገው መተው አይገባም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በኦኩፔሽናል ቴራፒ ማሠልጠን መጀመሩ የሚያስመሰግን ነው፤ የሚቀረው ተመራቂዎቹ በሆስፒታሎች የሥራ መደብ እንዲያገኙ ማድረግ ነው። እስከዚያው ግን የዳሌ ስብራት ወይም ስትሮክ የታከመ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ «ቤትዎ ስንተኛ ፎቅ ነው? መጸዳጃው የት ነው? ሌሊት ማን አብሮዎት ያድራል?» ብሎ መጠየቅ ለነርሷም ሆነ ለእኔ ብጤው ባለሙያ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። አሳንሰር በሌላቸው የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አረጋውያን ግን በደረጃው ሳቢያ ከቤት ሳይወጡ ይከርማሉ። አሳንሰር ይግባ ማለቴ አይደለም፤ አቅሙ እንደሌለ አውቃለሁ። የነዋሪዎች ኮሚቴዎች ለጥበቃና ለጽዳት ከሚሰበስቡት መዋጮ ላይ ቀንሰው በደረጃው በግድግዳው በኩል ሁለተኛ የእጅ መደገፊያ ቱቦ ቢያስበይዱ፣ የየደረጃውን ጫፍ በደማቅ ቀለም ቢያስቀቡና የተቃጠሉ አምፖሎችን ቢተኩ ግን ከአንድ ብየዳ ቤትና ከአንድ ቀለም ቀቢ የዘለለ ነገር አይጠይቃቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ