ጣሪያችን ተነሥቷል፤ ትምህርቱ እንዳይቆም እርዱን፦ ከዕድራችን የኮምፒውተር ክፍል ኮሚቴ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በአሜሪካና በዐረብ አገራት የምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤ ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ሰኔ 21 ሌሊት የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ነፋሱ የኮምፒውተር ክፍላችንን ቆርቆሮ ከነማገሩ ነቅሎ አጥር ላይ ጣለው፤ ተከትሎ የወረደው በረዶ ኮርኒሱን ደረመሰው። ዘበኛው ደውለውልን ስንደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚት ያጠልቅ ነበር። ለሐዘን ቀን የገዛነውን ድንኳን አውጥተን በኮምፒውተሮቹ ላይ ወጠርን። ከ22ቱ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

ይህ ሁለተኛው ጥሪያችን ነው። በሐምሌ ባቀረብነው በሁለት ሳምንት ውስጥ 158,000 ብር ገባ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ወራት ግን የገባው 14,000 ብር ነው። ደክሞናል ብንል ሐሰት አይሆንብንም። አዲሱ የትምህርት ዘመን ገብቷል፤ ተማሪዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የተቆለፈውን በር አይተው ይመለሳሉ።

«ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲውም ኮምፒውተር አለው፤ የእናንተ ለምን አስፈለገ?» ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሂሳብ አያያዝ፣ የማኔጅመንትና የገበያ ጥናት ተማሪዎቻችን ፒችትሪ የተባለውን የሂሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴል ይማራሉ፤ መረጃን ለሥራ አመራር ስለ መጠቀም የሚያስተምረውን፣ የማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተም የሚባለውን ኮርስ ወስደው ትርጓሜውን በቃላቸው ይይዛሉ። አንድ ነጋዴ «ይህን ሶፍትዌር ብገዛ ከጎረቤቴ ሱቅ በምን እበልጣለሁ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ግን መልስ የሚያጡት ብዙ ናቸው። ክፍሉን የከፈትነው ለዚህ ጥያቄ ነው። ታይፕ ለማስተማር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልለፋን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ትምህርት ሁልጊዜ በስልክ ገንዘብ በሚያስተላልፈው በኤምፔሳ ይጀምራል። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ አገልግሎቱን ሲጀምር ደንበኛው ተራ ስልክ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። መምህሩ «ታዲያ ብልጫው ከየት መጣ?» ይላሉ። ተማሪው ስለ ሶፍትዌሩ ያወራል፤ መምህሩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ቆይቶ አንዱ «ወኪሎቹ!» ይላል። ብር ተቀብሎ የሚከፍለው ባለ ሱቅ ባንክ ባልደረሰበት ብዙ ቦታ ነበር፤ ደንበኛው ሲበዛ ወኪሉ ይበዛል፣ ወኪሉ ሲበዛ ደንበኛው ይበዛል። ተፎካካሪ ሶፍትዌሩን ቢያሠራ እንኳ ያን መረብ በአንድ ጀምበር አይዘረጋውም። ከዚያ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ወደ ጀመረው ቴሌብር ይመጡና ተማሪዎቹን እያንዳንዳቸውን ወደ አንድ ሱቅ ይልካሉ፤ ቆመው ማን በምን እንደሚከፍል፣ ለምንስ እንደሆነ እንዲመዘግቡ። የንግድ ውድድር ምሁሩ ማይክል ፖርተር ስለ ገዢና ስለ አቅራቢ የመደራደር አቅም የጻፈው ነገር ለልጆቹ የሚገባቸው እዚያ ባንኮኒው አጠገብ ነው።

ከሁሉ የምንኮራበትን እንንገራችሁ። አንዲት የሦስተኛ ዓመት የሂሳብ አያያዝ ተማሪ አባቷ መናኸሪያው አጠገብ ብርድ ልብስና ጋቢ ይሸጣሉ። ጠርዙ በጣት እድፍ የጠቆረ፣ በላስቲክ የታሰረ የዱቤ መዝገባቸውን ይዛ መጣች። የ11 ወሩን ዱቤ መስመር በመስመር ኤክሴል ላይ አሰፈረችው። ተበዳሪዎቹ አብዛኞቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ወር በገባ እስከ አምስተኛው ቀን ይከፍላሉ። አባቷ ግን ለአከፋፋዩ የሚከፍሉት ወር በገባ በ20ኛው ቀን፣ የገባው ብር ካለቀ በኋላ፣ ስለነበር በየወሩ ይበደሩ ነበር። ሠንጠረዡን አትማ ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም ለአከፋፋዩ አሳይተው መክፈያውን ወደ 7ኛው ቀን አዛወሩ። ብድሩ ቀረ። አንድም ሶፍትዌር አልተገዛም።

በዚያ ሌሊት ይህ ሠንጠረዥ የነበረበት ኮምፒውተር ውኃ ገብቶት ቀርቷል። ሠንጠረዡ ግን አለ። ተማሪዎቻችን ሥራቸውን በሦስት ቦታ፣ አንዱን ከክፍሉ ውጭ፣ እንዲያስቀምጡ ስለምናስገድዳቸው ከአንድም ተማሪ አንድም ፋይል አልጠፋም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ከአደጋው በፊት በሦስት ዓመት ካሰባሰብነው 964,000 ብር ውስጥ 418,000ው ለኮምፒውተሮቹ፣ 132,000ው ለጠረጴዛና ለወንበር፣ 74,000ው ለበር፣ ለመስኮት ፍርግርግና ለቀለም፣ 96,000ው ለኢንተርኔትና ለመብራት፣ 178,000ው ለመስመር ዝርጋታ፣ ለስታቢላይዘርና ለባትሪ ወጥቷል። ቀሪው 66,000 ብር በሂሳባችን አለ። ባትሪው በዝቷል ያላችሁን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አንድም ቀን እንዳልተቋረጠ ተማሪዎቹን ጠይቁ። መምህራኑ በነጻ ነው የሚያስተምሩት፤ ለኮሚቴው አባል የተከፈለ አበል የለም። ደረሰኙ ሁሉ በዕድሩ ቢሮ አለ፤ ማንም አባል መጥቶ ማየት መብቱ ነው። ጣሪያውን ለምን አላስቀደማችሁም ለሚለው፣ በ2015 ዓ.ም. ያየልን ባለሙያ ወራጆቹ ደኅና ናቸው ብሎን ነበር፤ አምነን ብሩን ኮምፒውተር ላይ አዋልነው። ባናምነው ይሻለን ነበር።

ለጣሪያው 310,000 ብር፣ ለ13 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች 494,000 ብር ያስፈልጋል። ያኔ 19,000 ብር የገዛነው ዛሬ 38,000 ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ዋጋው አልቆመልንም። በእጃችን ያለው፣ ያ 66,000 ከሐምሌ ወዲህ ከገባው 172,000 ብር ጋር፣ 238,000 ብር ነው። የጎደለው 566,000 ብር ነው።

ዕድራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን የሚቀመጥበት ነው። መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ምን እንደተባለ የምታውቁ፣ ጠቃሚ እውቀት ትቶ ማለፍ ሰደቃ ጃሪያ (ከሞት በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት) መሆኑን የምታውቁ፣ እነዚህን ልጆች አስቡልን። መቶ ብርም ይቆጠራል። ቆርቆሮና ሚስማር በዓይነት የምትሰጡ፣ በእጃችሁ አናጢነት ያላችሁም ኑልን።

ገንዘቡ የሚገባው በዕድሩ ስም በተከፈተውና በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀሰው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በወርኃዊ መዋጮ ደረሰኛችሁ ግርጌ ታትሟል፤ በዕድሩ በር ሰሌዳም ተለጥፏል። በውጭ ያላችሁ ከቤተሰባችሁ ደረሰኝ ላይ አስነብቡ። በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ወይም ወደ ግል ስልክ በቴሌብር አትላኩ፤ በኮሚቴው አባል ስም ቢጠየቅ እንኳ አትላኩ። ካስገባችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ አድርሱና ደረሰኝ ተቀበሉ። እሑድ ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ቢሮው ክፍት ነው። ደግመን እናሳስባለን፦ በደረሰኙ ግርጌ ካለው የሂሳብ ቁጥር ሌላ ቁጥር የለንም።