ለጎንደር ዳገት የሚሆን ብስክሌት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጎንደር ለብስክሌት አትመችም፣ ብስክሌት የባሕር ዳርና የሐዋሳ ነው የሚለው አባባል በከተማችን ሲነገር ሰምተን ያደግንበት ነው። በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ስለ ብስክሌት መንገድ በየከተማው በሚወራበት በዚህ ወቅት ይኸው አባባል እንደገና ሲነሣ ስለሰማሁ፣ ላለፉት 14 ዓመታት ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳም አዘዞ በብስክሌት ስመላለስ ያየሁትንና ከሌሎች ነጂዎች የተማርሁትን ለአንባብያን ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

ዳገቱ ቀላል ነው ብዬ አልከራከርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ ወደ ጎሃ የሚያወጣውን መንገድ አንድ ጊዜ በእግሩ የሞከረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው ይህን ዳገት የሚሞክረው ለሜዳ በተሠራ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት መሆኑ ይዘነጋል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 26 ኢንች ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። በጣና ዳር ሜዳ ላይ ይህ መልካም ነው፤ በእኛ አቀበት ላይ ግን ጉልበት ይፈጃል። ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ጥርስ የተገጠመለት ብስክሌት በአንድ ዙር የሚሄደው 1.35 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ጉዞው ቢዘገይም እግር ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ጎረቤቴ ከልጃቸው የተረፈውን አሮጌ ብስክሌት እኔና ጓደኞቼ በዚህ መልክ ካስተካከልንላቸው በኋላ፣ ከታች እስከ ቤታቸው ሳይወርዱ ነድተው ሲደርሱ፣ «ልጄ፣ ለካ እስከ ዛሬ ሲያደክመኝ የኖረው ዕድሜዬ አልነበረም» ብለውኛል።

ብስክሌቱን ለማሻሻል ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚገዛው ከፊት ሞላ ያለውን ሹካ ወይም የሚያብረቀርቅ ኮርቻ ነው። ርካሹ ባለ ሞላ ሹካ ግን ክብደት ከመጨመር በቀር በኮብልስቶኑ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ጥቂት ነው፤ በእኔ እምነት ያ ገንዘብ መዋል ያለበት አስቀድሞ ለፍሬን፣ ቀጥሎም ለማርሽ ነው። ይህንን የምለው በደረሰብኝ ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሐምሌ ከሰዓት፣ ዶፍ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ስወርድ ሁለቱንም ፍሬኖች እስከ መጨረሻው ብጨምቃቸውም ብስክሌቱ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ከፊቴ ከቆመ ባጃጅ ጋር ላለመላተም ወደ ቀኝ ጠምዝዤ ከአሸዋ ክምር ላይ ወደቅሁ፤ ክንዴ ተላጠ፣ ሹራቤ ተቀደደ፣ በሕይወት በመትረፌም ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። የፍሬኑ ጎማ አዲስ ነበር፤ ሽቦውም አልላላም ነበር። በኋላ ከአንድ የቆየ ነጂ እንደተረዳሁት፣ ጥፋቱ የነበረው ኒኬል ከተቀባው የብረት ቸርኬ ነው። እንዲህ ያለው ቸርኬ ውሃ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ስለሚንሸራተትበት የመያዝ ኃይሉ እጅግ ይቀንሳል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን በዝናብም በጣም የተሻለ ይይዛል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከባሕር ዳር በአውቶቡስ አስመጥቼ ካስገጠምሁ በኋላ፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ክረምት ያለ ስጋት ወርጃለሁ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከዚያ አሸዋ ላይ ባልወደቅሁ ነበር።

ስለ ካቴናም ጥቂት ልበል። በከተማችን ካቴናን በተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ይህ ዘይት የብረት ብናኝ ያለበት ከመሆኑም በላይ የበጋውን አቧራ እየሰበሰበ እንደ ሞረድ ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላል። እኛ የምናደርገው በናፍታ አጥበን፣ አድርቀን፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ካደረግን በኋላ ከውጭ ያለውን በጨርቅ መጥረግ ነው። የመቀየሪያ ጊዜውን ለማወቅም ማስመሪያ ይበቃል፦ በአዲስ ካቴና ላይ ከአንዱ ፒን እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን ያለው ርዝመት ልክ 12 ኢንች ነው። ይህ ርዝመት በ1.5 ሚሊ ሜትር ከጨመረ ካቴናውን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ 3 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ የተወው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የኋላውን ጥርስም አብሮ ለመግዛት ይገደዳል።

የጥገናው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ባለፈው ዓመት ፔዳል ለማስቀየር ብስክሌቴን ትቼበት ከሄድሁበት ስፍራ ስመለስ፣ የግራው ፔዳል ተጣሞ ገብቶ፣ ፔዳሉ የሚታሰርበትን የብረት ክንድ የብሎን ጥርስ ጨርሶት አገኘሁ። የግራ ፔዳል እየተነዳ በራሱ እንዳይፈታ ሲባል ጥርሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቀረጸ ነው፤ የሚጠብቀውም ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ያልተነገረው ጠጋኝ ልጅ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ በኃይል አዙሮት ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሥራውን የተማረው በማየት እንጂ ከመምህር አይደለምና። ሆኖም አንድ ደቂቃ በማይፈጅ ትምህርት ሊድን ይችል የነበረ የፔዳል ክንድ ተበላሽቶ ከሁለት ሳምንት በላይ በእግሬ ሄጃለሁ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ጎንደር ውስጥ የጎደለን ጉልበት ሳይሆን፣ አንዱ ያወቀውን ለሌላው የሚያስተላልፍበት ቦታ ይመስለኛል።

ስለዚህ በከተማችን የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የብስክሌት ጥገናን በአጭር ሥልጠና መልክ ቢጀምሩት፣ ጎሚስታ የሚሠሩት ወጣቶች የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ሊሆኑ ይችላሉ። መለዋወጫ አስመጪ ነጋዴዎችም ለሜዳ ከተማ የሚመጣውን ዕቃ ብቻ ከማራገፍ ይልቅ የአሉሚኒየም ቸርኬና ባለ 34 የኋላ ጥርስ ቢያመጡልን ገዢ አያጡም። የከተማው አስተዳደር የብስክሌት መንገድ ሲያሠራ በመንገዱ ዳር ለጠጋኞች አንዲት ጥላ ያላት ቦታ እንዲያስብልን እጠይቃለሁ። ይህ ጋዜጣም በወር አንድ ጊዜ ነጂዎች የጥገናና የጉዞ ልምዳቸውን የሚጽፉበት ትንሽ ዓምድ ቢከፍት፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ስለ ፍሬን ሽቦ አቀያየር ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

እስከዚያው ድረስ ግን አምስት ስድስት ሆነን ቅዳሜ ጠዋት ማራኪ ውስጥ ከአንድ ጓደኛችን ግቢ እንሰባሰባለን። ፍሬኑ አልይዝ ያለው ወይም ካቴናው የሚዘል ብስክሌት ያለው ሰው ይዞ ቢመጣ፣ መፍቻው ከእኛ፣ መለዋወጫው ከባለቤቱ ሆኖ አብረን እንፈታዋለን፤ ሲገጠምም ባለቤቱ ራሱ እንዲገጥመው እናደርጋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብስክሌት ነጂ፣ ከጎንደር ማራኪ