ጀንፈል ወደ መፈልፈያ ሳይገባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማና በዙሪያዋ የቡና ለቀማው በጥቅምት ይጧጧፋል፤ ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው የቡና ፍሬ፣ ደርቆ ገለባው ወደሚለይበት መፈልፈያ በብዛት የሚገባው ግን ቆይቶ ነው። በመሃል ያሉት ሳምንታት ማሽን የሚፈታባቸውና የሚጠገንባቸው ናቸው። ሠራተኛን ከጉዳት የሚያድነው ሥራም መሠራት ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ መኪና በር ላይ ተሰልፎ ቡና ሲያራግፍ ማንም ሞተር አያቆምም።

ሞተሩን ከማሽኑ ጋር ከሚያገናኘው ቀበቶ፣ ከቺንጋው እንነሣ። በደቂቃ 1,440 ጊዜ የሚዞር ሞተር ላይ ዲያሜትሩ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት ተሽከርካሪ ክብ) ቢገጠም፣ ቺንጋው በሰከንድ ከ11 ሜትር በላይ ይሮጣል። ቺንጋው ፑሊውን በሚነካበት ጥግ የነጠላ ጫፍ ከተያዘ ሰው ደንግጦ እጁን ለመሰብሰብ እንኳ ጊዜ የለውም። ስለዚህ «ተጠንቀቁ» እያሉ መጮህ ጥበቃ አይደለም። ጥበቃው ሽፋን ነው፤ በአንግል ብረትና በሽቦ ወንፊት ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። የወንፊቱ ቀዳዳ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ከቺንጋውም ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጣት ቢገባ እንኳ አይደርስም። ሽፋኑ ተሠርቶለት ቺንጋ ለማጥበቅ ሲባል የሚፈታና ግድግዳ ተደግፎ የሚቀር ብዙ ነው። ማጥበቂያው ብሎን ሽፋኑ ሳይነሣ ከውጭ እንዲደረስበት ሆኖ ከተሠራ የመፍታት ምክንያት አይኖርም።

ማሽኑ ሲታነቅም እንዲሁ ነው። ማጥፊያውን መጫን ብቻ አይበቃም፤ ዋናው ማብሪያ ይውረድ፣ በጓጉንቸር ይቆለፍ፣ ቁልፉንም እጁን የሚሰደው ሠራተኛ ራሱ ኪሱ ይክተት። ሞተሩ ጠፍቶም ከበሮው ለጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ ጨርሶ እስኪቆም ይጠበቅ።

የአቧራው ጉዳይ ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ደም ስለሌለው ማንም ጉዳት አይለውም። የደረቀ የጀንፈል ገለባ ሲፈጭ የሚወጣው ብናኝ የባክቴሪያ ቅሪትና አለርጂ የሚያስነሣ ነገር ይይዛል፤ ሳል፣ የደረት መጥበብና አስም ያመጣል። በመፈልፈያው ጠረጴዛ ላይ ቡና የሚለቅሙ ብዙዎቹ ሴቶች ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ያስራሉ፤ አንዳንዱ ቦታ የሕክምና ማስክ ይታደላል። ሁለቱም በጎንና በጎን ስለሚያስተነፍሱ ጥቃቅኑን ብናኝ አይገቱም። የሚያገለግለው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባለው፣ ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራው ማስክ ነው፤ የአፍንጫው ሽቦ ተጭኖ፣ ሁለቱም ላስቲክ ከራስ ጀርባ ገብቶ። ጢም ካለ አይገጥምም። ማስክ ግን የመጨረሻው መከላከያ ነው። ቡና ከ12 በመቶ ያልበለጠ እርጥበት ስለሚፈልግ አቧራውን በውኃ ማብረድ አይሆንም፤ ስለዚህ አቧራው በሚወጣበት በማሽኑ አፍ ላይ መምጠጫ ፋን ገጥሞ አቧራን ከአየር አሽከርክሮ ወደሚለየው ሳይክሎን መውሰድ፣ የለቃሚዎቹንም ጠረጴዛ ከመፈልፈያው በግድግዳ መለየት ይገባል። ደረቅ ወለል መጥረግም ሰው ከወጣ በኋላ ይሁን፤ የሚጠርገውም ማስክ ያድርግ።

ስለ ሸክምም አንድ ቃል፦ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ወንድ ሸክሙ ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ መክሯል። የኤክስፖርት ጆንያ ብቻውን 60 ኪሎ ነው።

ሕጉ ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን፣ ስለ አደጋው ማስረዳትን፣ ጉዳትን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅን የአሠሪው ግዴታ ያደርጋል። ማስረዳት ማለት በጅማ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ማለት ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ፣ ሰክሮ ካልገባ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ካልጣሰ በስተቀር። የጽሑፍ ውል አለመኖሩም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ሕክምናው በአሠሪው ወጪ ነው። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

ይህ ሁሉ የሚበላሸው የሕክምና ካርድ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ሳል» ብቻ ተጽፎ ትመለሳለች። በአካባቢው በብዛት የሚገኝ ተላላፊ በሽታ በሥራ ምክንያት የመጣ ተብሎ ስለማይቆጠር፣ መጀመሪያ አክታዋ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር። ከዚያ ምን እንደምትሠራ፣ ከስንት ወር ጀምሮ እንደሆነ፣ ሳሉ በዕረፍት ቀን ረገብ ብሎ ሥራ ስትገባ ያገረሽ እንደሆነ ይጻፍ። የትንፋሽ መለኪያ ካለ በቀን አራት ጊዜ፣ የዕረፍት ቀናትን ጨምሮ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተነፍቶ ቁጥሩ ይመዝገብ። አደጋ ከሆነ ደግሞ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የትኛው ማሽን እንደሆነና አጠገቧ የነበሩ ሁለት ሰዎች ስም በዚያው ዕለት ወረቀት ላይ ይሥፈር። አንዱ ቅጂ በሠራተኛዋ እጅ ይቅር።

የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤና ባለሙያዎች
ከጅማ