ስለ አውዳመት ለጠየቅሽኝ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

«ጌታን የተቀበለ ሰው አውዳመት ያከብራል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እማዬ፣ በዓል በጅምላ አይመዘንም። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ለይተሽ «ይህ የሚደረገው ለማን ነው?» በዪ።

እንቁጣጣሽ ስለ ደረሰ ከእሱ ልጀምር። አበባው፣ ችቦው፣ ቄጤማው፣ ዶሮ ወጡ ምንም የለባቸውም። ጣጣው ያለው የዶሮው መልክ ላይ ነው። «የዘንድሮው ገብስማ ነው፣ የዘንድሮው ቀይ ነው» ተብሎ በአዋቂ ከታዘዘ፣ ከመታረዱ በፊት በሰው ራስ ላይ ከዞረ ወይም መንታ መንገድ ላይ ከተጣለ፣ ያ ዶሮ የውቃቢ ነው። ቡናም እንደዚሁ ነው፤ መጠጣቱ ሳይሆን «ለአድባር» ብሎ መሬት ላይ ማፍሰሱና ፈንዲሻ መበተኑ ነው መተው ያለበት። እነዚህን የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ባዕድ አምልኮ ብላ ታወግዛቸዋለች። «ይሄ የእነሱ ሃይማኖት ነው» እያሉ በጎረቤት ላይ የሚለጥፉትን አትስሚያቸው።

የመስቀል ደመራን ቆመሽ ብታዪ አትረክሺም። ምሰሶው ወደየት ወደቀ ብሎ የዘመኑን ዕጣ መተንበይ ግን ጥንቆላ ነው፤ እሱን ተዪው።

«ገና የአረማውያን የፀሐይ በዓል ነው» ያሉሽ ሰዎች ግማሹን ታሪክ ነው የነገሩሽ። የሮም ንጉሥ አውሬልያን በ274 እ.ኤ.አ. ለፀሐይ ቤተ መቅደስ መሥራቱ እውነት ነው። ቀኑ ከዚያ መጣ ወይስ ከጽንሰቱ ተቆጥሮ የሚለው ግን ምሁራንን እስከ ዛሬ ያከራክራል። የእኛ አገር ቆጠራ መነሻው ጽንሰት ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ፣ ከእሷ ቀጥሎ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 የሚውለው ለዚህ ነው። ፋሲካ ደግሞ ከአይሁድ ፋሲካ ጋር የተያያዘ ነው፤ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ እየተሰላ ከመጋቢት 26 በፊትና ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። የገናውን ዛፍ ኤርምያስ 10 ከልክሎታል የሚሉሽም ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አላነበቡትም፤ እዚያ የተጻፈው እንጨት ጠርቦ ስለሚሰገድለት ጣዖት ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚጣላው በሥጋ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አስቢበት። ቅርጫ ግቢ። በሬውን የሚባርከው ኦርቶዶክስ ቢሆን «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ነው የሚለው፤ ያንቺም ጥምቀት በዚሁ ስም ነው። ስለ ጣዖት ሥጋ የተጻፈውን 1ኛ ቆሮንቶስ 10 በጎረቤትሽ ማዕድ ላይ የሚጠቅስ ሰው ቃሉን ያለቦታው አዋለው። ጳውሎስ እዚያው ቁጥር 25 ላይ በገበያ የተሸጠውን ሳትመረምሩ ብሉ ይላል። የጽዋ ማኅበር ግን ሌላ ነው። ዝክሩ የሚደረገው በጻድቁ ስም፣ አማላጅነቱም ተለምኖ ስለሆነ፣ ካላመንሽበት ጽዋውን አትቀበዪ። ይህን ለማኅበርተኞችሽ ቀደም ብለሽ፣ ቤታቸው ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ጽዋው ከቀረበ በኋላ እጅ መሰብሰብ ስድብ ይመስላል። እድሩን ግን እንዳትተዪ። እድር ለቅሶና ቀብር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ ወገን ይበላሻል። አንዳንዶቻችን በሁዳዴ 55 ቀን በር ከፍቶ ሥጋ መጥበስ፣ ስቅለት ዕለት ቅቤ ማንጠር ነፃነት ይመስለናል። ሮሜ 14 ቀን የሚያከብረውንም፣ የማያከብረውንም፣ የሚበላውንም፣ የማይበላውንም አትናቁ ይላል። ጎረቤቶችሽን ለፋሲካ ስትጠሪ ከቅዳሴ መልስ ይሁን። በጾም ወቅት ቡና ስትጠሪያቸውም ዳቦው ወተትም ቅቤም ያልነካው ይሁን፤ ሽሮም ካቀረብሽ ድስቱን ለብቻው ያዢው፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንዳይገባበት።

እህቴ ስለ መስከረም 1 ዶሮ ደውላ ከጠየቀችሽ፣ ሥጋ ያላትንና ዋጋዋ የሚስማማትን ግዢ በያት፤ ቀለም እንዳትጠቅሺላት። የቅርጫውን ብር በሳምንቱ መጨረሻ እልካለሁ፤ ከመደቡ ሽንጥና ጎድን ይድረስሽ።

ልጅሽ