ከሕፃን ጋር የት እንረፍ? ደብዳቤ ለልጄ

አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ፣

እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በኅዳር ከስዊድን ሕፃኑን ይዛችሁ ስትመጡ ለጥቂት ቀናት እንድናርፍባቸው ብለሽ በቴሌግራም የላክሽልንን የሦስቱን ማረፊያዎች፣ የሐዋሳውን፣ የአርባ ምንጩንና የቢሾፍቱውን፣ ፎቶግራፎች ከእናትሽና ከወንድምሽ ጋር ተቀምጠን አየናቸው። እናትሽ የሐዋሳውን ወደደች፤ ወንድምሽ ከአርባ ምንጩ ሌላ አይታሰብም አለ፤ እኔ ደግሞ ሐሳቤን በስልክ ጥሪ መካከል ከምበታትነው በጽሑፍ ባስቀምጠው ይሻላል ብዬ ይህን ጻፍሁልሽ። የእኔ ምርጫ ቢሾፍቱ ነው። በቢሾፍቱም ቢሆን አንቺ ከላክሻቸው ፎቶግራፎች ውስጥ ያለው ትልቁ ሪዞርት ሳይሆን፣ የራሱ ማብሰያ ክፍል ያለው አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው የታየኝ። ምክንያቴን ላስረዳሽ።

ሁላችንም ፎቶግራፎቹን ስናይ ያየነው ቀኑን ብቻ ነው፤ ሐይቁን፣ የመዋኛ ገንዳውን፣ በረንዳው ላይ የተዘረጋውን ቁርስ። የስምንት ወር ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ሌሊቱን ይመስለኛል፤ ሕፃኑ ካልተኛ አንቺም ባለቤትሽም አትተኙም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሐይቁ ምንም ቢያምር አይታየውም።

ከሌሊቱ ነገር መጀመሪያ የሚያሳስበኝ ወባ ነው። በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆነ ቦታ ሲሆን፣ ዋናው ወቅቱም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ እናንተ የምትመጡበት ኅዳር ከዚሁ ወቅት መካከል ላይ ይወድቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ እዚህ የኖረ ሰው ስለ ወባ ማሰቡን ይተወዋል። አርባ ምንጭ ግን ወደ 1,300፣ ሐዋሳ ወደ 1,700፣ ቢሾፍቱ ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ግድም ናቸው። ከቁጥሮቹ እንደምትረጂው ቢሾፍቱም ከወባ ነጻ ነው ልልሽ አልችልም፤ ከሦስቱ ግን ከፍ ያለውና ወደ ሐኪም ለመመለስም የሚቀርበው እሱ ነው። ወባ ከሁሉም ይልቅ የሚከፋው በሕፃናት ላይ ስለሆነ፣ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚከታተላችሁን ሐኪም የት እንደምታርፉ ነግራችሁ አማክሩት። አጎበር ከዚህ እኔ አዘጋጃለሁ፤ በሆቴል ያለው ብዙ ጊዜ ወይ ቀዳዳ አለው ወይ ለትልቅ አልጋ የተሠራ ነው። ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሕፃኑን ረጅም እጅጌና ሱሪ ማልበስ፣ ሲተኛም አጎበሩን ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን መሸጎጥ ይገባል። የሚቀባው የትንኝ መከላከያ ከሁለት ወር ዕድሜ በኋላ ይፈቀዳል ይላሉ፤ ሆኖም ይህ ዕድሜ እጅን ወደ አፍ የማስገቢያ ጊዜ ስለሆነ መዳፉ ላይ እንዳይቀባ። ከተመለሳችሁም በኋላ በተከታዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ቢታይበት፣ ወደ ኢትዮጵያ ሄዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

ቀጥሎ ያለው መንገዱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ሐዋሳ ከዚህ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ከፊሉ ለአገልግሎት ቢበቃም፣ ለማጥባትና ዳይፐር ለመቀየር እየቆማችሁ ስትሄዱ ቀኑ በመንገድ ያልቃል። ወንድምሽ ወደ አርባ ምንጭ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ግድም ነው ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ ከመንገዱ እንጂ ከሙቀቱና ከትንኙ አያድንም። እዚያ ያለውን የጫሞ ሐይቅን አዞዎች ልጁ አድጎ በጣቱ እያመለከተ የሚያይበት ጊዜ ይመጣል። ቢሾፍቱ ግን ወደ 45 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በአዳማው ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥታችሁ ልጁ አንድ እንቅልፍ ሳይጨርስ ትደርሳላችሁ፤ አንድ ነገር ብትረሱም ወንድምሽ በዕለቱ ሊያደርስላችሁ ይችላል። የሕፃኑን የመኪና ወንበር ግን ከስዊድን ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ የሚከራዩ መኪኖች ብዙዎቹ የላቸውም፤ እናትሽ «እኔ አቅፌው እሄዳለሁ» ብትልም አትስሚያት።

አሁን ወደ ማረፊያው ልምጣ። የቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ባቦጋያም ሆራም ሌሎቹም፣ በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ጎድጓዳ ሐይቆች ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደላማ ነው። በዚህም የተነሣ በዙሪያቸው የተሠሩት ሆቴሎች ብዙዎቹ አናት ላይ ጀምረው በደረጃ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እይታቸው ያማረ፣ ዋጋቸውም የከበደ ክፍሎች የሚገኙት ከታች ሐይቁ አፍ ላይ ሲሆን፣ ምግብ ቤቱና መኪና ማቆሚያው ከላይ ይቀራሉ። አንቺ የመረጥሽው ክፍል እንዲህ ያለ ነው። ባለፈው ሳምንት ከእናትሽ ጋር ሄደን አይተነዋል፤ በባዶ እጃችን ወርደን ስንመለስ እናትሽ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ዐረፈች። የሕፃን ጋሪ እዚያ ዋጋ የለውም። ልጁ መዳህ ጀምሯል ብለሽኛል፤ የበረንዳው አጥር ዘንጎች ደግሞ በጣም የተራራቁ ናቸው፤ የመዋኛ ገንዳውም ዙሪያው አልታጠረም። ለሁለት ወጣት ባለትዳሮች ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ለሚድህ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ አንዳችሁ ዘብ መቆም ሊኖርባችሁ ነው።

ሌላው ጩኸቱ ነው። በሐይቆቹ ዳር ያሉት ትልልቅ ሪዞርቶች ቅዳሜና እሑድ የሰርግ አዳራሽ ናቸው ብል አላጋነንሁም፤ የድምፅ ማጉያው እስከ እኩለ ሌሊት አያርፍም፤ ለቀን መዝናኛ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ሰው ብዙ ነው። በዚህ ላይ አንድ ዘዴ ታየኝ። ዘንድሮ ጾመ ነቢያት የሚገባው ሰኞ ኅዳር 15 ቀን ነው። ምእመናን በጾም ሰርግ ስለማይደግሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰርጉ ግርግር በእጅጉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በዚያው ሰኞ ገብተን ዓርብ ኅዳር 19 ቀን ብንወጣ፣ የቅዳሜውንም ሕዝብ እናመልጣለን፤ የሥራ ቀናት ዋጋም ከሰንበቱ ይቀንስልናል። የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖች ድምፅ ቀን ቀን ሊሰማ ይችላል፤ እሱን ግን ማንም አያስቀረውም።

የእንግዳ ማረፊያው ከሐይቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ የተሠራ ፎቅ የሌለው ቤት ሲሆን፣ ሁለት መኝታ ክፍል፣ ማብሰያ ክፍልና የታጠረ ግቢ አለው። ሐይቁ ከበረንዳው አይታይም፤ ይህን ልሸሽግሽ አልፈልግም። ነገር ግን የልጁን አጥሚት በፈለግሽው ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ጠርሙሱን አፍልተሽ ታጸጂያለሽ፤ የሆቴል ምግብ ቤት እስኪከፈት አትጠብቂም። እኛም በሁለተኛው ክፍል ስለምንተኛ፣ ልጁ ጎሕ ሲቀድ ሲነቃ እናትሽ ትወስደውና እናንተ እስከ ረፋዱ ትተኛላችሁ። ሐይቁን ለማየት ከሰዓት በኋላ ወደ አንዱ ሪዞርት ሄደን፣ ቡና ጠጥተን፣ ሳይመሽ መመለስ እንችላለን። ባጃጁንና የፈረስ ጋሪውን ግን ከልጁ ጋር አትሞክሩት።

አከራይዋን የሚጠየቀውን ሁሉ ጠይቄያቸዋለሁ። የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተር ከመኝታ ክፍሎቹ ተቃራኒ በኩል ነው፤ መስኮቶቹ የትንኝ ወንፊት አላቸው፤ የሕፃን አልጋ ግን የላቸውም፤ እሱን ከአክስትሽ ልጅ እንዋሳለን። ፍራሹ ጠንከር ያለ እንዲሆን፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስም እንዳይገባበት እናትሽን አስረድቻታለሁ፤ የኅዳር ሌሊት ቅዝቃዜ ስላለው ግን ወፍራም የሌሊት ልብስ አትርሺ። ቡና በከሰል የሚፈላው ውጭ በረንዳው ላይ እንጂ ሕፃኑ በተኛበት ቤት ውስጥ እንዳይሆንም ተስማምተናል። ክፍያውን በእኔ ስም በብር እከፍላለሁ፤ ከውጭ በኢንተርኔት ከተያዘ አንዳንዱ ቤት የውጭ አገር ሰው ዋጋ ይጠይቃል።

ምናልባት «ለምን ቤታችን አናርፍም?» ትይኝ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤታችሁ ናችሁ፤ ይህ ምንም ጥያቄ የለውም፤ ክፍልሽም ተሰናድቷል። ነገር ግን አራት ኪሎን ታውቂዋለሽ፤ ልጁ ስምንት ወር ቢሞላውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት ያልመጣ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይውላል፤ አንቺም ስታስተናግጂ ትውያለሽ። የሚጠይቅ ሰው ማጣት አይመኙትም፤ ቢሆንም ዕረፍት ነው ልንለው አንችልም። ለዚህም ነው ከጠያቂው በኋላ ለብቻችን የምንሆንባቸው ጥቂት ቀናት እንዲኖሩ የፈለግሁት።

አከራይዋ ቀብዱን እስከ ጥቅምት 10 ቀን ይጠብቁናል። ከዚያ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ተመካክረሽ ሁለት ነገር ጻፊልኝ፦ ልጁ በጡት ብቻ ነው ወይስ ጠርሙስም ይዟል፤ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ሲተኛስ ይረበሻል? ሁለተኛው ጥያቄ ካስቸገረ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ እንዲያስገቡልን እጠይቃለሁ። ሐይቁን ከመኝታችሁ ማየት የግድ ካላችሁም ቅር አይለኝም፤ ሪዞርቱ ከላይ በር አጠገብ ደረጃ የሌለባቸው ክፍሎች ስላሉት፣ ለእነዚያ ሳምንቱ ሳያልቅ እደውላለሁ።

አባትሽ