ይድረስ አዳማ ላለችው እህቴ፦ ሥጋ ስለሚወደው ባልሽ ጉዳይ

ከኮሎኝ፣ ጀርመን

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርማችኋል? እማዬ እግሯን ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በስልክ የነገርሽኝን የሥጋ ዋጋ ለማመን ተቸግሬያለሁ። አማቻችን ደግሞ ወጡ ውስጥ ሥጋ ካላየ የበላ አይመስለውም አልሽኝ። ይህን ስትነግሪኝ ባለቤቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትስቅ ነበር። በሠርጋችሁ ሰሞን ቁርጥ ቤት ገብተን አልወጣ ያልነው እኔና እሱ መሆናችንን ታውቃለቻ! እንግዲህ ምክሩ ከሥጋ በላ ስለሚመጣ ቢያንስ ሰውየውን የማያውቅ ሰው ምክር አይደለም። እኛ ቤት አሁን ሥጋ የሚሠራው እሁድ እሁድ ነው። በሌላው ቀን እሷ የምታበላኝን፣ እኔም በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት የለመድኩትን ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ያ ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ ሽሮና ምስር ሲበላ አጉረምርሞ ያውቃል? ረቡዕና ዓርብስ? ምስሩን ቢጠላው ኖሮ ያን ሁሉ ቀን ዝም ብሎ አይጎርስም ነበር። ፊቱ የሚጠቁረው በፍስክ ቀን የጾም ምግብ ሲቀርብለት ነው፤ ያኔ ቤቱ የጎደለ ወይም አንቺ የተሰላቸሽ ይመስለዋል። እንግዲያው ሥጋ መግዛት ባልተቻለበት ቀን፣ ሥጋ ባይኖረውም የፍስክ የሆነ ምግብ ሥሪለት። ቅቤ ይግባበት፣ አይብ ይቅረብ፣ እንቁላል ይታይ፣ ኮረሪማው ከበር ይሽተት። ቅቤም ተወዷል ትይኛለሽ፤ አውቃለሁ፤ ግን አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ መጨረሻ ላይ ጠብ ሲል ድስቱን ሙሉ ያውደዋል። ሥጋ እንዲህ አይብቃቃም።

እኛ ሥጋ ወዳዶች ሥጋ ሥጋ የምንለው አጅቦት ለሚመጣው ሁሉ ነው። ከክትፎ ላይ ቅቤውንና ሚጥሚጣውን አንሺና ስጪን፤ ሁለተኛ የሚጎርስ የለም። ከጥብሱ ላይ የሽንኩርቱን ማረር፣ የጥብስ ቅጠሉን ሽታ፣ ሸክላው ላይ እየተንጫጫ መምጣቱን ብትቀንሺ ምን ይቀራል? ቁርጥ ግን ሌላ ነው። ለቁርጥ ምትክ የለውም፤ እሱን አትሞክሪው።

ዋናው ምክሬ ቦሎቄ ነው። ሳቂ። ከእናንተ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ወደ ታች ያለው አገር ነጭ ቦሎቄ አብቃይ ነው፤ መልካሳ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም በአዋሽ ስም የሚጠሩትን ነጭ ዝርያዎችና ቀዩን ናስርን የለቀቀው አፍንጫችሁ ሥር ነው። ነጩ በብዛት ወደ ውጭ ይላካል፤ አውሮፓ ውስጥ ፋብሪካ ገብቶ፣ በቲማቲም ድልህ ተቀቅሎ በጣሳ ይሸጣል። ደጃችሁ የበቀለውን ፈረንጅ ቁርስ ያደርገዋል፣ እናንተ ግን ለንፍሮ ብቻ ታስቡታላችሁ። ለጥብስ እኔ የምመርጠው ቀዩን ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ጥርስ ላይም አይሟሽሽም።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት ውሃውን ድፊው። ቀይ ቦሎቄ በደንብ ካልፈላ ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር ስላለው በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይንተክተክ፤ ከዚያ እሳቱን ቀንሰሽ እስኪለሰልስ ጠብቂ። ስንት ሰዓት ይፈጃል አትበይኝ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር የማታንስ ስለሆነች ውሃችሁ 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ እዚህ ወደ 100 ይጠጋል፤ ስለዚህ የእኔ ሰዓት ለአንቺ አይሆንም። አንዷን ፍሬ በጥርስሽ ሞክሪያት። ሳይበስል ግን ቲማቲም ወይም ሎሚ እንዳታስገቢበት፤ ኮምጣጣ ነገር የነካው ቦሎቄ እልኸኛ ነው፣ ከሰል ይጨርሳል። የከሰሉ ነገር ካሳሰበሽ አንዴ በዛ አድርገሽ ቀቅይና ፍሪጅ አስገቢው፤ ለሁለት ለሦስት ቀን ይሆናል።

ጥብሱ ላይ ነው ጥበቡ ያለው። የተቀቀለውን አጥልዪና በንጹሕ ጨርቅ አድርቂው፤ ርጥብ ከሆነ እንደገና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻው በደንብ ይጋል። ዘይት ጠብ አድርጊና ቦሎቄውን ዘርግተሽ እጅሽን ሰብስቢ! ማማሰል የቤተሰባችን አመል ነው፤ እማዬም እንደዚያው ናት። ልጡ ተሰንጥቆ ጫፍ ጫፉ ጠቆር ሲል ወዝወዝ አድርጊው። ከዚያ ወፈር ወፈር ተደርጎ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል ይግባ፤ ሽንኩርቱ ሳይለሰልስ አውጪው። አዋዜና ቅቤው መጨረሻ ላይ ይሁን። ሸክላውን ቀድመሽ ከሰል ላይ አግዪው፤ ድምፁ ጠረጴዛ ድረስ መሰማት አለበት። ይህን ስልሽ ለጌጥ አይደለም፤ ጥብስ የቀዘቀዘ ዕለት ሥጋም ቢሆን አይበላም።

ሁለተኛው እንቁላል ነው፤ በዶሮ ወጥ ቁሌት። ዶሮ ወጥ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሽንኩርቱ አይደል? ሽንኩርት ደግሞ ከመቂና ከቆቃ እናንተ ጋ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት፣ መልኩ እስኪለወጥ ይቁላላ፤ በርበሬው ጊዜ ይሰጠው፤ ማጣፈጫውን እንደ ዶሮው አድርጊ፣ ምንም አትቆጥቢ። የተቀቀለውን እንቁላል ዙሪያውን በቢላ ጫር ጫር አድርገሽ ክተቺ። ለእሱ ሁለት ይድረሰው፤ አንድ እንቁላል ፊቱ ብታስቀምጪ የዶሮዋን ብልቶች መቁጠር ይጀምራል።

ሦስተኛው የጉራጌ ጎረቤቶቻችን የጎመን ክትፎ ነው። ቀቅለሽ፣ ውሃው ጠብ እስከማይል ጨምቀሽ፣ በጣም አድቅቀሽ ከትፊው። ቅቤው ለብ ይበል፤ ሚጥሚጣና ኮረሪማ፣ ከጎኑ አይብ። ቆጮ ካገኘሽ በቆጮ።

እንጉዳይ እዚህ ርካሽ ነው፤ እናንተ ጋ ግን ካገኘሽና ዋጋው ካላስደነገጠሽ ብቻ። ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ስለሆነ በጋለ ደረቅ መጥበሻ ውሃውን እስኪጨርስ ጠብቂው፤ ጨው ከዚያ በኋላ። ስለ ተጋቢኖ ሽሮ ለአንቺ ምን እነግርሻለሁ። ዱባ ወጥ ግን ይቅርብሽ፤ ጣፋጭ ወጥ ለሥጋ በላ ስድብ ነው።

ደግሞ ሩብ ኪሎ ሥጋ ገዝተሽ ሽሮው ውስጥ አትበትኚው። ቦዘና ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሥጋው ሲያንስ ሰውየው ወጡን ትቶ ቁራጭ ፍለጋ ይገባል፤ ሲነሣም እንደራበው ነው። ያንን ብር አጠራቅሚና በሁለት ሳምንት አንዴ ደህና ጥብስ ይብላ። እዚህ የሶያ ሥጋ የሚሉት ደረቅ ነገር አለ፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ይጠብሱታል፤ እኔ አልወደድኩትም። አንቺም የሠራሽውን «ልክ ሥጋ ነው የሚመስለው» እያልሽ አታቅርቢለት። ያን ጊዜ ማመዛዘን ይጀምራል። ቦሎቄ ጥብስ ነው በይው፣ አበቃ።

እማዬ ያለ ሥጋ ሰው ይደክማል ትላለች አይደል? 100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው በያት። ብረቱ ግን እንደ ሥጋው ቶሎ አይዋሃድም፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ከበሰለ በኋላ ሎሚ ያግዙታል። ቡናው ከምሳው ጋር ተያይዞ ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ብረት ይሻማል፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። ይህን ለእማዬ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ ከቡናዋ ጋር አልጣላም።

ለአማቻችን የሚሆን ወሬም አለኝ፦ ጀርመኖች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ። ሜት ይሉታል፤ የተፈጨ ነው፣ ዳቦ ላይ ቀብተው ሽንኩርት ነስንሰውበት ለቁርስ ይበሉታል። የአሳማ መሆኑን ግን መጨረሻ ላይ ንገሪው።

ገንዘቡን በወሩ መጨረሻ እልካለሁ። ከእሱ ላይ ለፋሲካ በግ ይገዛ፤ ቅርጫም ከገባችሁ ከእኔ ድርሻ ይነሣ። እዚህ የምትመጣ ሰው ስታገኚ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ላኪልኝ፤ እዚህ የሚሸጠው ሽታው የለም። ሚጥሚጣውን እማዬ ራሷ ታስፈጨው፣ በሁለት ላስቲክ ይታሰር፤ ያለፈው ሻንጣ ውስጥ ተበትኖ የሰው ልብስ አበላሽቷል።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ