መጀመሪያ ብልቃጡን ክፈቱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አንባቢያችሁ «ያልተከተበ ልጅ ትምህርት ቤት አይመዝገብ» ማለት መብት መጋፋት ነው ብለው ጽፈዋል። ልጄ የራሴ ነው ባይ ናቸው። ይሁን። ኩፍኝ ግን አጥር አያውቅም፤ በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ አየሩ ላይ ለ2 ሰዓት ያህል ይቆያል። እኛ አገር የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወር ነው። ታዲያ የ5 ወር ሕፃን መብትስ? እሷ እኮ ወላጆቿ እናስከትብ ቢሉም ጊዜዋ አልደረሰም፤ የሚያድናት የጎረቤት ልጆች መከተባቸው ነው። ለዚያውም ከ100 ልጅ 95ቱ ካልተከተበ ኩፍኝ አይገታም። ነገሩ መንጋጋ ቆልፍ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእሳቸው ጋር እቆም ነበር፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍማ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጣና ሐይቅ ዳር ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖረው የወንድሜ ሚስት ልጇን አዝላ ለክትባት ሄደች። «ልጆች አልሞሉም፣ በሌላ ቀን ነይ» ተባለች። ሄደች፣ አሁንም አልሞሉም። ለካ አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። በባለሙያዋ አልፈርድም፣ ለባከነው የምትጠየቀው እሷ ናት። ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው የሚለው! ከእርሻዋ ቀርታ፣ ፀሐይ መቷት የመጣችን እናት ሁለቴ መልሶ፣ በመስከረም ደግሞ «ካርድ ካላመጣሽ ልጅሽ አይማርም» ማለት ምን የሚሉት ነው? (ካርዱንስ ስንቱ ቤት አይጥ በልቶት ይሆን።)

ፈንጣጣ እኛ አገር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከታቢዎቹ ናቸው በእግርም በበቅሎም መንደር ለመንደር የዞሩት፤ እናቶች አይደሉም።

እና እኔ የምለው፣ ደቅ ደሴት ድረስም ቢሆን ጀልባ ይመደብና ክትባቱ ይሂድ። ምዝገባ ላይ ካርድ ይጠየቅ፣ የሌለው ልጅ ግን አይባረር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ይከተብ። ይህ ሁሉ ተደርጎለት አሻፈረኝ ያለ ወላጅ ከተገኘ፣ ይገደድ ስትሉ እኔም እፈርማለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከባሕር ዳር